«ሳይንቲስቶቹ ተጣሉ» እያላችሁ ለምታጨበጭቡ

ሰሞኑን ከስልክ ስልክ የሚዞር አንድ ቪዲዮ አለ። ከዋክብት ይሽከረከራሉ፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ አለው፣ ከሥሩ በትልልቅ ቀይ ፊደላት «የዩኒቨርስ ሳይንስ ተናደ!» የሚል ተጽፏል። መልእክቱ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ አጽናፈ ዓለም በምን ፍጥነት እየሰፋ እንደሆነ ሁለት ቡድኖች ለኩ፤ አንዱ 67 አለ፣ ሌላው 73 አለ፤ ስለዚህ ሁለቱም ዋሾዎች ናቸው፤ ስለዚህ ትምህርት ቤት የተማራችሁት ሁሉ ተረት ነው። አለቀ።

ብዙ የቀድሞ ተማሪዎቼ ልካችሁልኛል። አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ ይህን አይተውታል? እውነት ነው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ለእናንተ በውስጥ መስመር መልሻለሁ፤ መጠየቃችሁ አኩርቶኛል። ሌሎቻችሁ ግን የሳቅ ምልክት ደርድራችሁ «ታዲያ ያን ሁሉ ፊዚክስ በከንቱ ነበር ያሸከሙን?» አላችሁ። ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ይረዝማል። ቡና አስፈልታችሁ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የተጣሉበትን ነገር እንወቅ

እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ሀብል የተባለ አሜሪካዊ ጋላክሲዎች ከእኛ እየራቁ እንደሆነ፣ በጣም የራቀው ደግሞ ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚርቅ በልኬት አሳየ። ጥያቄው እንግዲህ «በምን ያህል?» ነው። 1 ሜጋፓርሴክ ላይ፣ ማለትም 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ ያለ ጋላክሲ በሰከንድ ስንት ኪሎ ሜትር ይርቀናል? መልሱ 70 ከሆነ፣ በ10 ሜጋፓርሴክ ላይ ያለው 700፣ በ100 ላይ ያለው 7,000 ይሮጣል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሀብል ቋሚ ይባላል። የአጽናፈ ዓለም ዕድሜና መጠን ከእሱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው ሰው የሚጨነቅበት።

አንደኛው ቡድን የጥንቱን ብርሃን ይዞ ይነሳል። ፕላንክ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት አጽናፈ ዓለም ገና 380,000 ዓመት ገደማ ሳለ የተለቀቀውን፣ ዛሬም ሰማዩን የሞላውን ደካማ ጨረር ለካች። ከዚያ ተነስቶ በቀመር ሲሰላ 67.4 ይመጣል፤ ስህተቱ ቢበዛ ቢያንስ 0.5 ነው።

ሁለተኛው ቡድን በመሰላል ይወጣል። ቅርብ ያሉትን ከዋክብት ርቀት በጂኦሜትሪ ይለካል። በእነሱ ላይ ቆሞ፣ ሄንሪታ ሌቪት የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1912 ባገኘችው ሕግ መሠረት ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚሉትን ሴፌይድ ከዋክብት ይለካል። በእነሱ ላይ ደግሞ ቆሞ የሚፈነዱትን ሱፐርኖቫዎች ይለካል። የአዳም ሪስ ቡድን በዚህ መንገድ 73 አገኘ፤ ስህተቱ 1 ገደማ።

ልዩነቱ እውነተኛ ነው። አልደብቅም፣ እነሱም አልደበቁም። 67.4 ላይ 0.5 ብትጨምሩ፣ ከ73 ላይ 1 ብትቀንሱ አይገናኙም። የሆነ ቦታ አንድ ነገር ጎድሏል፤ ወይ ከመሰላሉ አንዱ ደረጃ ይወላገዳል፣ ወይ ስለ ጥንቱ ዓለም ያለን ቀመር አንድ ነገር ስቷል።

አሁን ቪዲዮውን መልሳችሁ እዩት። «0.5» የሚል ነገር አለበት? የለበትም። ቁጥሩን ወስዶ የስህተት ልኩን ቆርጦ ጥሎታል። በላብራቶሪ ሪፖርታችሁ ላይ የስህተት ልክ ሳትጽፉ ስትቀሩ ግማሽ ነጥብ የምቀንሰው ለምን እንደነበር አሁን ገባችሁ? ከ67.4 ጎን ያለችውን 0.5 ቆርጦ የጣለ ሰው ሳይንስን ሊያስተምረኝ አይችልም። ሊሸጥልኝ እንጂ።

ጠብ ለሳይንስ አዲስ ነገር አይደለም

ሀብል ራሱ መጀመሪያ ያገኘው ቁጥር ስንት ይመስላችኋል? 500 ገደማ! በዚያ ቁጥር ሲሰላ የአጽናፈ ዓለም ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ይሆናል። የምድር አለቶች ከዚያ ይበልጣሉ የሚሉ ደግሞ በወቅቱም ነበሩ። ልጅ ከእናቱ በዕድሜ በለጠ! ቅሌት ቢባል ያ ነበር ቅሌት።

ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አንዱ ወገን ወደ 50 ነው፣ ሌላው ወደ 100 ነው እያለ ሲሟገት ኖረ። የእጥፍ ልዩነት ነው። ማን ፈታው? በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ የተናገረ አይደለም። የተሻለ የለካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በሀብል ስም የተሰየመውን የጠፈር ቴሌስኮፕ ይዞ የሠራ ቡድን 72 አለ፤ ስህተቱን 8 አደረገ። የዛሬው ጠብ ስለ ስንት ነው? ስለ 8 በመቶ። ከእጥፍ ወደ 8 በመቶ የወረደን ጠብ «ናዳ» ብሎ የሚጠራ ሰው ወይ ማካፈል አይችልም፣ ወይ እኛ አንችልም ብሎ አስቧል።

አባቶቻችን «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ሦስተኛ ምስክር ይጠራ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

በእኛ አገር፣ ፋርጣም ሂዱ ጋይንት፣ ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲካሰሱ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? አንዱ «ድንበሩ ከግራሩ ነው» ይላል፣ ሌላው «ከድንጋዩ ነው» ይላል። ሽማግሌው «ሁለታችሁም ዋሾ ናችሁ፤ መሬት የሚባል ነገር የለም» ብሎ ይነሳል እንዴ? ምስክር ይጠራል። ምስክሩ ደግሞ የማንም ዘመድ እንዳይሆን ይጠነቀቃል። ከሁለቱም ቤት እህል ያልቀመሰ፣ ከሁለቱም ቂም የሌለው ሰው ይፈለጋል።

ፊዚክስ ውስጥ እንዲህ ያለ ምስክር አለ። ስሙ የስበት ሞገድ ነው። መሰላሉን አይወጣም፣ የጥንቱን ብርሃንም አይጠቀምም። የሁለቱም ዘመድ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1916 ከባድ አካላት ሲዞሩና ሲጋጩ ህዋው ራሱ እንደ ኩሬ ውሃ ይናወጣል ብሎ በቀመር አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1986 በርናርድ ሹትስ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ደግሞ «ይህን መናወጥ መስማት ከቻልን ርቀትን በቀጥታ እንለካበታለን፤ ከርቀቱም የሀብልን ቋሚ እናገኛለን» አለ። በጊዜው አንድም ሞገድ አልተያዘም ነበር። የመጀመሪያው የተያዘው መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሹትስ የጻፈው ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ትዕግሥት ይሉሃል ይህ ነው።

ድምፅ እንዴት ርቀት ይለካል? ይህን ለደብረ ታቦር ልጅ ማስረዳት አይከብደኝም፤ ቡሄ አለልን።

በነሐሴ መጀመሪያ ማታ ማታ ከማዶ የጅራፍ ድምፅ ትሰማላችሁ። ልጁን አታዩትም። ግን ያደገበት ጆሮ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ጅራፉ ምን ዓይነት እንደሆነ፤ ወፍራምና ረዥም ሆኖ የተገመደው የሚሰጠው ድምፅና የትንሽ ልጅ ጅራፍ ድምፅ አንድ አይደለም። ሁለተኛ፣ ድምፁ ምን ያህል ደክሞ እንደደረሰ። «ይህ ትልቅ ጅራፍ ነው፤ ይህን ያህል ከደከመ ከዚያ ከማዶው ተረተር ነው» ይላል ጆሯችሁ፣ ሳትቆጥሩት። ገመድ አልዘረጋችሁም፣ እርምጃ አልቆጠራችሁም።

የስበት ሞገድም እንደዚያ ነው። (ድምፅ ነው አላልኩም፤ ድምፅ ባዶ ህዋ ውስጥ አይሄድም። አመሉ ይመሳሰላል ነው ያልኩት።) ሁለት ኒውትሮን ከዋክብት ተጠምጥመው ሲዞሩ እየተቀራረቡ፣ እየፈጠኑ ይሄዳሉ፤ የሞገዱ ምትም እየቀጠነና እየፈጠነ ይመጣል። ያ አፈጣጠን «ጅራፉ» ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ፣ ማለትም ሞገዱ ከምንጩ ሲነሳ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር በአንስታይን ቀመር ይናገራል። ከዚያ እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል ደክሟል? ሁለቱን ብታነጻጽሩ ርቀት ነው። በሌላ ኮከብ ላይ መደገፍ የለም። መሰላል የለም።

ነሐሴ 11 ቀን 2009

ሞገዱን የሚሰሙት ጆሮዎች ሊጎ እና ቪርጎ ይባላሉ። ሊጎ አሜሪካ ውስጥ በሁለት ቦታ አለ፤ እያንዳንዱ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሉት። ቪርጎ ጣሊያን ፒሳ አጠገብ ነው፤ ክንዶቹ 3 ኪሎ ሜትር ናቸው። በክንዶቹ ውስጥ የሌዘር ብርሃን ይመላለሳል፤ ሞገድ ሲያልፍ የክንዶቹ ርዝመት ይለዋወጣል። ምን ያህል? ከአንድ ፕሮቶን ስፋት ከሺህ አንድ እጅ ያነሰ! ይህን የሚለካ ሰው 0.5ን ቆርጦ አይጥልም።

ሐሙስ ነሐሴ 11 ቀን 2009 ዓ.ም. በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ አንድ ሞገድ ደረሰ። ቡሄ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የእኛ ልጆች ጅራፋቸውን ሲያጮሁ፣ ከ130 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሁለት ኒውትሮን ከዋክብት ተጋጭተው የላኩት መናወጥ በእግራችን ሥር አለፈ። በሊጎ ውስጥ 100 ሰከንድ ገደማ ተሰማ። ሞገዱ ባበቃ በ1.7 ሰከንድ ፌርሚ የተባለችው ሳተላይት የጋማ ጨረር ብልጭታ አየች። ከ130 ሚሊዮን ዓመት ጉዞ በኋላ የ1.7 ሰከንድ ልዩነት! የስበት ሞገድና ብርሃን እኩል እንደሚፈጥኑ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይምጣ?

አንድ የምወደው ነገር አለ። ቪርጎ ሞገዱን በጣም ደካማ አድርጎ ነው የያዘው። «ታዲያ ምን ጠቀመ?» ትሉ ይሆናል። መድከሙ ራሱ መረጃ ሆነ። ቪርጎ በደንብ የማይሰማበት የሰማይ ክፍል የትኛው እንደሆነ ስለሚታወቅ፣ ምንጩ በዚያ አቅጣጫ ነው ተባለ። ጥሩ ምስክር «አልሰማሁም» ሲልም ይጠቅማል። ያልሰማውን ሰማሁ ካላለ ማለት ነው።

ከዚያ የዓለም ቴሌስኮፖች ወደዚያ ዞሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆነው ብልጭታው ኤንጂሲ 4993 በተባለ ጋላክሲ ጥግ ላይ ተገኘ። ጋላክሲው ታወቀ ማለት ደግሞ የሚርቅበት ፍጥነት ታወቀ ማለት ነው፤ ብርሃኑ ወደ ቀይ ምን ያህል እንደተሳበ ተለክቷልና።

የስልካችሁን ካልኩሌተር አውጡ። አዎ፣ አሁን። የጋላክሲው ፍጥነት፣ የአካባቢው ጋላክሲዎች መጓተት ታስቦ ከተስተካከለ በኋላ፣ በሰከንድ ወደ 3,017 ኪሎ ሜትር ነው። ከሞገዱ የተገኘው ርቀት ወደ 43 ሜጋፓርሴክ ነው። አካፍሉ።

70። የሀብልን ቋሚ አሁን እናንተው አሰላችሁት። በቀይ ፊደል የጻፈው ሰውዬ ይህን ቢያደርግ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

«ታዲያ ምስክርህ ማንን ረታ?»

ማንንም። ይህን የምትጠይቁኝን አከብራለሁ፤ ትክክለኛው መቃወሚያ ይህ ነው። ያ የመጀመሪያ ልኬት 70 ሲል፣ ስህተቱን ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 8 አድርጎ ነው የጻፈው። ማለትም 67ም 73ም ውስጡ አሉ። ምስክሩ መጥቶ «ድንበሩ በግራሩና በድንጋዩ መካከል የሆነ ቦታ ነው፤ ከዚህ በላይ ግን አልማልም» አለ።

ለምን ስህተቱ ሰፋ? ጥንዱ ከዋክብት የሚዞሩበት ገበታ ወደ እኛ ምን ያህል እንደዘመመ በደንብ ስላልታወቀ ነው። ፊት ለፊት ከሆነ ሞገዱ በርትቶ ይደርሳል፣ በጎን ከሆነ ደክሞ። የደከመ ሞገድ ስትሰሙ ሩቅ ነው ወይስ ዘሞ ነው? ጅራፉን የሚያጮኸው ልጅ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ካላወቃችሁ ግምታችሁ ይሰፋል። በኋላ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ከፍንዳታው የተፈናጠረውን ጅረት ሲከታተሉ ዘመሙ ይበልጥ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ 70.3፣ ስህተቱ 5 ገደማ ሆነ።

ብርሃናቸው ያልታየ ሞገዶችም አይጣሉም። ጅራፉ ከሦስት መንደሮች አቅጣጫ ከተሰማና የትኛው እንደሆነ ካልለየ፣ ሦስቱንም በየድርሻቸው ታስባላችሁ እንጂ ጆሯችሁን አትደፍኑም። በዚህ መንገድ 47 ሞገዶችን፣ አብዛኞቹ የብላክ ሆል ግጭቶች ናቸው፣ አስበው ከነሐሴው ጋር ሲያጣምሩ 68 አገኙ፤ ስህተቱ ወደ ላይ 8፣ ወደ ታች 6። ገና ነው። ይህን እስከምጽፍ ድረስ እንደ ነሐሴ 11ዱ በሞገድም በብርሃንም በእርግጠኝነት የተያዘ ሁለተኛ ጥንድ አላገኘንም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ሌላ የኒውትሮን ከዋክብት ግጭት ተሰምቶ ነበር፤ ብርሃኑን ግን ማንም አላየም።

ስንት ያስፈልጋል? የስታትስቲክስ ትምህርታችሁን አስታውሱ፤ ስህተት የሚቀንሰው በልኬቶች ብዛት ካሬ ሥር ነው። የመጀመሪያው ስህተት 14 በመቶ ያህል ነበር። 50 እንዲህ ያሉ ክስተቶች ብናገኝ የ50 ካሬ ሥር 7 ገደማ ነው። 14ን ለ7 ስታካፍሉ 2 በመቶ። ያኔ የ8 በመቶው ጠብ ይፈረድበታል። እስከዚያ መጠበቅ ነው።

ይህን ነው እንግዲህ ቪዲዮው ሊያሳያችሁ ያልፈለገው። እነዚህ ሰዎች ለአንዱ ወገን ፈርደው የዓለም ዜና መሆን ይችሉ ነበር። «73 ትክክል ነው!» ቢሉ ግማሹ ዓለም ያጨበጭብላቸዋል። «67 ነው!» ቢሉም ሌላው ግማሽ። እነሱ ግን «70፣ ሲደመር 12፣ ሲቀነስ 8» ብለው ጻፉ። ማንንም የማያስደስት፣ ለማንም ጭብጨባ የማይሆን ቁጥር ነው። ሐቀኛ የሆነው ግን እሱ ነው።

«ለእኛ ምን ይረባናል?»

ይህን ደግሞ ከቪዲዮው በላይ እጠላዋለሁ፤ ብልህ መስሎ ስለሚመጣ። «ህዝቡ ዳቦ ይፈልጋል፣ አንተ ስለ ጋላክሲ ታወራለህ!» ሌሊቱን ሙሉ ስለ እንግሊዝ እግር ኳስ ሲሟገት ያደረ ሰው ነው እኮ እንዲህ የሚለኝ! ያኔ ዳቦ ትዝ አላለውም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያን ብልጭታ መጀመሪያ ያገኘው ቴሌስኮፕ ግዙፍ አይደለም። ቺሊ ላስ ካምፓናስ ላይ ያለው ስዎፕ ነው። የመስታወቱ ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ሥራ ከጀመረም ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቡድኑ ያደረገው በዚያ አቅጣጫ ያሉትን ጋላክሲዎች በዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ማየት ነው። የእኛ እንጦጦ ላይ ምን አለ? ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ፣ ያውም ሁለት! የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር ከተመሠረተ በ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች ለፍተው ያቆሙት ነው።

አውቃለሁ፣ የአዲስ አበባ መብራት ያስቸግረዋል፤ በነሐሴ ደመና እንኳን እንጦጦ ጉናም ዓይኑ ይጨፈናል። ለዚህም ነው በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ የተሻለ ማየት የሚቻልበት ጣቢያ የመሥራት ሐሳብ የተነሳው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለውን የእኛን ሌሊት ግን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። እንዲህ ያለ ብልጭታ ደግሞ በቀናት ውስጥ ይከስማል፤ በየኬንትሮሱ ነቅቶ የሚጠብቅ ዓይን ይፈልጋል። ያን ዕለት ከአፍሪካ ማን ዞረ? ናሚቢያ ያለው ሄስ የተባለው የጋማ ጨረር ቴሌስኮፕ ወዲያው ዞረ። ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ያለው ትልቁ ቴሌስኮፕ ሳልት የብልጭታውን ብርሃን ቀደም ብለው ከበተኑት አንዱ ነው። እነሱም አፍሪካውያን ናቸው፤ እነሱም ዳቦ ይበላሉ።

ቴሌስኮፕም ባይኖራችሁ፣ የሊጎና የቪርጎ መረጃ ተለቅቋል። በነፃ ነው። የነሐሴ 11ዱን ሞገድ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጦ ማውረድና መተንተን ይቻላል፤ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔትና ሒሳብ ብቻ ይፈልጋል። እርግጥ ኢንተርኔት በክልላችን ለወራት ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ አልረሳሁም። ያ ግን «ለእኛ አይረባም» የሚያሰኝ ሳይሆን «የእኛን ድርሻ ማን ወሰደው?» የሚያሰኝ ነው።

«አባቶቻችን ሁሉንም ጽፈውታል»

ይኸኛው ደግሞ ከወዳጆቼ ወገን የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልናገር። ባሕረ ሐሳብን አከብራለሁ። ጾምና በዓልን በፀሐይና በጨረቃ ዑደት አስልቶ የሚያወጣ ሊቅ ከብዙ ዲግሪ ጫኝ የበለጠ ሒሳብ ያውቃል። ግን ልብ በሉ፣ ያሰላል! መጽሐፉን ተሳልሞ ብቻ አላስቀመጠም። እሱን የሚያከብር ሰው ማስላት ነው ያለበት።

ደግሞም እዚሁ በደቡብ ጎንደር የነበረ ወግ አለን። የድጓ ተማሪ የትም ይማር የት፣ ከማንኛውም ታላቅ መምህር እግር ሥር ይቀመጥ፣ ማስመስከር ሲፈልግ ጋይንት ቤተ ልሔም ይሄዳል። «መምህሬ ብሎኛል» አይበቃም። በሌላ ጆሮ፣ በሌላ መምህር ፊት ይፈተሻል። እኔ የስበት ሞገድን ሳስተምር የሚታየኝ ይህ ነው። ፕላንክም ሪስም ታላላቅ ቤቶች ናቸው፤ ማስመስከሪያው ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። ይህ ከፈረንጅ የተዋስነው ልማድ አይደለም። የእኛም ነው፤ ረስተነው እንጂ።

ለምን ይህን ያህል ተናደድኩ?

ስለ ጋላክሲ ብቻ አይደለማ።

በ2014 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2። በ2016 ዓ.ም. 5.4። ከዚያ ላይ በክልላችን በግጭቱ ምክንያት በራቸው ተዘግቶ የከረሙ ትምህርት ቤቶችን ጨምሩ። በዚህ ጊዜ፣ ደብተሩን አቧራ ላራገፈ ልጅ «ተወው፣ ሳይንስ ራሱ ፈርሷል» ብሎ መንገር ስድብ አይደለም፤ ዘረፋ ነው። ልጁ ያለችውን አንዲት መሰላል መንጠቅ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ይበልጥ ያመኛል። አሁን አሁን ማንኛውም ነገር ሲነገረን የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ማን ነው ያለው? የማን ወገን ነው?» ሆኗል። «እንዴት አወቀ? በምን ለካ? ስህተቱ ስንት ነው?» የሚል ሰው ጠፋ። መካከል ላይ ቆሞ «ገና አልተጣራም» ያለ ሰው በሁለቱም ወገን ይሰደባል። ፈሪ ይባላል፣ አድርባይ ይባላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ አገር ያጣችው እሱን ነው። የማንም ዘመድ ያልሆነውን፣ ያየውን ብቻ የሚናገረውን፣ ያላየውን «አላየሁም» የሚለውን ምስክር።

ቪዲዮውንማ ተዉት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። እናንተ ግን ጆሮ አላችሁ። ከየት እንደጮኸ፣ ምን ያህል እንደጮኸ ለዩ።

ስለዚህ የቤት ሥራ። አዎ፣ ዛሬም፤ ከእኔ አታመልጡም። ቪዲዮውን ከማጋራታችሁ በፊት 3,017ን ለ43 አካፍሉ። መልሱን ከነስህተቱ ከታች ጻፉልኝ። ስህተቱን ሳይጽፍ የመጣ ግማሽ ነጥብ ይቀነስበታል፤ ዶክተርም ይሁን ኢንጂነር፣ አላፍርም።

በቸር ሰንብቱ።